«አሸንፈናቸው እንዴት እነሱ ያልፋሉ?» የኮሌጅ ሴቶች እግር ኳስ ውድድር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ኮሌጆች የሴቶች ውድድራቸውን የሚያሰናዱበት ሰሞን ስለሆነ ነው መሰል፣ በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች ኳስ ኳስ ይሸታሉ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገናል፤ የረዘሙትን ደብዳቤዎች አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ ስምንት ኮሌጆች ተስማምተን የሴቶች ውድድር ልናካሂድ ነው። ያለን አንድ ሜዳ ነው፤ ስድስት ኪሎ ጃን ሜዳ አካባቢ። ቀኑ ከጥር 4 እስከ 14 ተይዟል። ዓምና በምድብ አድርገን ሦስት ቡድን በነጥብ እኩል ሆነና «አሸንፈናቸው እንዴት እነሱ ያልፋሉ?» በሚል ጭቅጭቁ ሳምንት ፈጀ። ዘንድሮ ምድብ ይሻለናል ወይስ ጥሎ ማለፍ?
የስፖርት ክበብ ተጠሪ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ከቀኑ እንጀምር። ጥር 10፣ 11 እና 12ን ከመርሐ ግብሩ ሰርዟቸው። ከተራና ጥምቀት ነው፤ በዚያ ሰፈር ሜዳውም መንገዱም የታቦት ነው። ስለዚህ አሥራ አንድ ያላችሁት ቀን ስምንት ሆነ ማለት ነው።

ሁለት ምድብ ከፍላችሁ አራት አራት ቡድን ብትመድቡ በየምድቡ 6 ጨዋታ፣ በድምሩ 12 ይሆናል። ግማሽ ፍጻሜው 2፣ የደረጃውና የዋንጫው 2 ሲጨመር 16 ነው። በቀን ሁለት ሁለት ካጫወታችሁ በስምንት ቀን ልክ ያልቃል። ወረቀቱ ላይ ያምራል። ግን ዋንጫ የሚደርሰው ቡድን በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ አምስት ሙሉ ጨዋታ ይጫወታል፤ ዝናብ አንዱን ቀን ቢወስድባችሁ ደግሞ የምታሸጋሽጉበት ቀን የላችሁም። ንጹህ ጥሎ ማለፍ በ7 ጨዋታ ያልቃል፤ ችግሩ አራት ኮሌጅ ወራት ተለማምዶ ከ90 ደቂቃ በኋላ ሻንጣውን መሸከሙ ነው።

እኛ የምንመርጥላችሁ ከሁለቱ መሃል ያለውን ነው። በመጀመሪያው ዙር የተሸነፉት አራት ቡድኖች አይሸኙ፤ እርስ በርስ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ደረጃ ይጫወቱ። እንዲህ ሲሆን ሁሉም ቡድን በትክክል ሦስት ጨዋታ ያገኛል፤ ጠቅላላው 12 ጨዋታ ነው፤ በቀን ሁለት ከሆነ ስድስት ቀን ይበቃዋል። ጥር 4 እና 5 የመጀመሪያው ዙር። ጥር 7 የጥር 4 አሸናፊዎች እርስ በርስ፣ ተሸናፊዎቹም እርስ በርስ፤ ጥር 8 ደግሞ የጥር 5ቱ እንደዚያው። ጥር 13 የሰባተኛና የአምስተኛ ደረጃ፣ ጥር 14 የሦስተኛ ደረጃና ዋንጫ። ማንም ቡድን በሁለት ጨዋታ መካከል ከሁለት ሙሉ ቀን ያነሰ ዕረፍት አያገኝም። ጥር 6 እና 9 መጠባበቂያ ናቸው። የነጥብ እኩልነት የሚባል ጣጣም የለበትም።

«የለም፣ ምድብ ካልሆነ» ካላችሁ የዓምናው ጠብ ከየት እንደመጣ በቁጥር እንየው። ምድቡ ውስጥ ሀ፣ ለ፣ ሐ እና መ አሉ እንበል። ሀ ለን 2 ለ 1 አሸነፉ። ለ ሐን 1 ለ 0 አሸነፉ። ሐ ሀን 3 ለ 2 አሸነፉ። መን ሦስቱም አሸንፈዋል፤ ሀ 1 ለ 0፣ ለ 5 ለ 0፣ ሐ 2 ለ 0። ሦስቱም 6 6 ነጥብ ይዘዋል።

በጠቅላላ የግብ ልዩነት ከተለየ ለ በ5 ግብ አንደኛ፣ ሐ በ2 ሁለተኛ ይሆናሉ፤ ሀ በ1 ግብ ልዩነት ይወድቃሉ። እርስ በርስ በተገናኙበት ውጤት ከተለየ ግን የመ ጨዋታዎች ይወጣሉና የሦስቱም ልዩነት ዜሮ ነው። ስለዚህ እርስ በርስ ያገቡት ይቆጠራል፤ ሀ 4፣ ሐ 3፣ ለ 2። ሀ አንደኛ ሆነው ለ ወደቁ! ውጤቱ አንድ፣ ደንቡ ሁለት፣ የሚያለቅሰውም ቡድን ሁለት። ገና አላለቀም። ሀ አንደኛ ተብለው ከተለዩ በኋላ ለ መጥተው «አሁን የቀረነው ከሐ ጋር ብቻ ነን፤ ሐን ደግሞ አሸንፈናቸዋል» ማለታቸው አይቀርም። ስለዚህ ደንባችሁ አንድ ተጨማሪ መስመር ይኑረው፦ የእርስ በርስ መለኪያው እንደገና የሚሠራው ቡድኖች በሁሉም መለኪያ አሁንም እኩል ከሆኑ ብቻ ነው ወይስ አንዱ በተለየ ቁጥር? የተለመደው የፊተኛው ነው። የትኛውንም ምረጡ፤ ብቻ እጣ ከመውጣቱ በፊት ተጽፎ ስምንቱም ቡድን መሪዎች ይፈርሙበት።

የምድብ የመጨረሻ ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት መጀመር አለባቸው። በ1982 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንና ኦስትሪያ ሂኾን ላይ የተጫወቱት ጨዋታ ነው ይህን ሕግ ያመጣው። የሌሎቹን ውጤት አስቀድመው አውቀው ነበርና ምዕራብ ጀርመን 1 ለ 0 ማሸነፏ ለሁለቱም ማለፊያ ስለሆነ ግቧ ከገባች በኋላ ኳሷን ማንሸራሸር ብቻ ሆነ። አንድ ሜዳ ብቻ ላለው ውድድር ይህን ሕግ መፈጸም አይቻልም፤ ምድብን ያልመከርንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ፎርፌ 3 ለ 0 ይጻፋል፤ ሜዳ ላይ የነበረው ውጤት ከዚያ የሰፋ ከሆነ ግን የሜዳው ይጸናል በሉ። ከምድብ መሃል ጥሎ የሄደ ቡድን የተጫወታቸው በሙሉ ይሰረዙ። የተጫዋች ዝርዝር ከ20 ወይም 22 ስም አይበልጥ፤ ከቲሴራው ጋር የዚህ መንፈቅ የምዝገባ ወረቀት ይያያዝ፤ ዓምና የተመረቀችን ልጅ ማስገባት የተለመደ ነውና። ክስ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ በጽሑፍ፣ ማስያዣ ብር ተከፍሎበት ይቅረብ። ማስያዣ ከሌለ የጠዋቱ ተሸናፊ ሁሉ ከሳሽ ነው።

ጥያቄ፦ ሜዳ ያሰመርነው በኖራ ነበር። ዝናብ ጣለና ሁለት ልጆች ዓይናቸው ተቃጠለ፣ አንዷ ደግሞ ጭኗ ላይ ላጣት። ጥፋቱ የኖራው ነው? መስመሩ ራሱም ጠማማ ነው ተብሎ ዳኛው አስተካክሉ ብሎናል።
የሰውነት ማጎልመሻ መምህር፣ ከልደታ

መልስ፦ አዎ፣ የኖራው ነው። ኖራ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ቆዳ ያቃጥላል፤ ተንሸራትታ ኳስ የምትነጥቅ ልጅ ደግሞ በላብ የረጠበ እግሯን ነው መስመሩ ላይ የምትጎትተው። ዓይን ውስጥ ከገባ ማሸት የለም፤ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በንጹህ ውሃ እያፈሰሱ ማጠብና በቀጥታ ዓይን ሐኪም ዘንድ መውሰድ ነው። ከእንግዲህ ጀሶ ይጠቀሙ፤ ለሣር ሜዳ ደግሞ የግድግዳ የውሃ ቀለም በውሃ ቀጥኖ ይሠራል። በጋዝ ወይም በአኳራጅ የሚቀጥን ቀለም ሣሩን ይገድለዋል።

ስለ መስመሩ፦ 100 በ64 ሜትር ሜዳ ሲሰመር ጠቅላላው ርዝመት ወደ 700 ሜትር ይደርሳል፤ ስለዚህ በዓይን ልክ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ሲባጎ፣ አራት ችካልና 50 ሜትር የሚደርስ ሜትር ያዘጋጁ። ማዕዘኑን የሚያስተካክለው የአናጢዎቹ ዘዴ ነው፤ ከማዕዘኑ በአንዱ መስመር 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ምልክት አድርገው በሁለቱ ምልክቶች መካከል 5 ሜትር እስኪመጣ ሲባጎውን ያዙሩ። አራቱም ችካል ከተተከለ በኋላ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን በሰያፍ ይለኩ። ሁለቱም 118.7 ሜትር ካልመጣ ሜዳው ጠማማ ነው፤ ጀሶ ሳይፈስ ችካሉን ማስተካከል ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚስተው የቅጣት ክልሉን ነው። 16.5 ሜትሩ የሚለካው ከግቡ ቋሚ የውስጥ ጠርዝ ወደ ጎን ነው፤ ከግቡ መሃል ወይም ከቋሚው ውጪ አይደለም። ልክ ከተለካ ጠቅላላ ስፋቱ 40.32 ሜትር፣ ትንሹ ሳጥን ደግሞ 18.32 ሜትር ይመጣል። ፍጹም ቅጣት ምት መምቻው ነጥብ ከግብ መስመሩ 11 ሜትር ነው። ከሳጥኑ ውጪ ያለችው ግማሽ ጨረቃ ከዚያው ነጥብ 9.15 ሜትር ሲባጎ ተይዞ ነው የምትዞረው፤ ከሳጥኑ መስመር ላይ ቆመው ካዞሯት ተንጋዳ ትቀራለች። መስመር ከ12 ሳንቲ ሜትር አይወፍርም፤ ራሱም የክልሉ አካል ነው።

ሳይጠይቁን አንድ ነገር እንጨምር። ግባችሁ የሚነሳና የሚተከል ዓይነት ከሆነ ከኋላ ያለው ብረት ላይ አሸዋ የሞላ ጆንያ ይጫንበት። አግዳሚው ላይ የሚንጠለጠል ሰው አይጠፋም፤ ያልታሰረ ግብ ሰው ላይ ወድቆ ይገድላል።

ጥያቄ፦ በረኛ ነኝ። ሂጃብ አደርጋለሁ፤ የቡድናችን አምበል ደግሞ ማተብ አላት። ባለፈው ዳኛዋ ሁለታችንንም ከመስመር መለሰችን። መብታችን አይደለም?
የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ ከሜክሲኮ

መልስ፦ ያንቺ መብትሽ ነው። ራስን መሸፈን ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጨዋታ ሕጉ ውስጥ በግልጽ ተፈቅዷል። ግን ልክ አለው፤ ቀለሙ ጥቁር ወይም ከማልያው ዋና ቀለም ጋር አንድ ይሁን፣ ከማልያው ጋር አይሰፋ፣ የሚንጠለጠል ጫፍ አይኑረው፣ አንገት ላይ የሚቋጠርበት ወይም የሚቆለፍበት አደጋ የሚያመጣ ነገር አይኑረው። ምናልባት ዳኛዋን ያስጨነቃት መርፌ ቁልፍ ይሆናል። ያለ መርፌ በጭንቅላት የሚጠለቀውን፣ የሚለጠጠውን ልበሺ።

የአምበልሽ ነገር ይከብዳል። ሕጉ የአንገት ሐብል፣ ቀለበት፣ አምባር፣ የጆሮ ጌጥ፣ የቆዳም የጎማም ማሰሪያ በሙሉ ይከለክላል፤ በፕላስተር መሸፈንም አይፈቅድም። ማተቡ ላይ የብረት መስቀል ካለ ያለ ክርክር ይወልቃል። ክሩ ብቻ ከሆነም ዳኛዋ አንገት ላይ የተንጠለጠለ ነገር ነው ብትል ሕጉ ከእሷ ጋር ነው፤ ወደ እጅ አንጓ ማዛወርም አያድንም። ምክንያቱ ሃይማኖት አይደለም፤ ግርግር ውስጥ ጣት የሚገባበት ክር አንገት ያንቃል። የሚሻለው ጉዳዩን ከውድድሩ በፊት በሚደረገው ስብሰባ ላይ አንስቶ ለሁሉም ቡድን አንድ ዓይነት ውሳኔ ማስያዝ ነው። ሹሩባ ላይ ያለ ጨሌና የብረት ጸጉር መያዣም እንደዚያው ይወልቃሉ፤ ለስላሳ ላስቲክ ይበቃል።

በረኛ ነሽና ይህን ደግሞ እወቂ፤ ከ2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኳስ በእጅሽ ከ8 ሰከንድ በላይ ከያዝሽ የሚሰጠው ኮርና ነው። የድሮውን ስድስት ሰከንድ ማንም አይቆጥረውም ነበር፤ የአሁኑን ዳኛዋ የመጨረሻዎቹን አምስት ሰከንዶች እጇን አንስታ ትቆጥረዋለች።

ጥያቄ፦ ኮሌጃችን የገዛልን ቁምጣ ነጭ ነው። ልጆቹ አንለብስም አሉ፤ አስተዳደሩ «ለምን?» ይላል። ምን ብለን እናስረዳ?
ምክትል አሰልጣኝ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ የወር አበባ ነው፣ ብላችሁ። ዙሪያ ጥምጥም አያስፈልገውም። የእንግሊዝ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን በ2023 እ.ኤ.አ. ነጩን ቁምጣ በሰማያዊ የቀየረው በዚሁ ምክንያት ነው። ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ቁምጣ ይገዛ፤ ነጩ ለልምምድም አይሁን። ሜዳው አጠገብ በር የሚዘጋና ውሃ ያለው መጸዳጃ መኖሩን ከማልያው በፊት አረጋግጡ። ወጌሻው ወይም ወጌሻዋ ቦርሳ ውስጥም ከፋሻና ከበረዶ ጎን ሞዴስ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ከቡድኔ ልጆች ገሚሶቹ ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። ጨዋታው ስንት ሰዓት ቢሆን ይሻላል? ምንስ ላብላቸው?
አሰልጣኝ፣ ከስድስት ኪሎ

መልስ፦ በጣም መጥፎው ሰዓት ከስድስት እስከ ስምንት ነው፤ ከሌሊቱ የተረፈው ጉልበት አልቋል፣ ጾሙ አልተፈታም፣ ፀሐይዋም አናት ላይ ናት። ሁለት ጥሩ ሰዓቶች አሉዎት። አንደኛው ከጠዋቱ ሁለት ተኩል ነው፤ የማታው እራት ገና አልከዳም። ለዚህ የማክሰኞና የሐሙስ ማታ እራት ጠንከር ይበል፤ ውሃም ከመተኛታቸው በፊት በደንብ ይጠጡ። ሁለተኛው አሥር ሰዓት ነው። ዘጠኝ ላይ ጾም ተፈትቶ አሥር ላይ ቢጀመር ከዕረፍቱ ጋር አሥራ ሁለት ሳይሞላ ያልቃል፤ ብርሃን አለ። ነገር ግን ያቺ አንድ ሰዓት እንጀራ በሽሮ የሚበላባት አይደለችም፤ ምግቡ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ልጆቹ ይሮጣሉ። ሙዝ፣ ዳቦ በሻይ፣ ወይም በሶ ይስጧቸው። በሶው ሦስት የሾርባ ማንኪያ በግማሽ ሊትር ውሃ፣ ስኳር ጨመር ተደርጎበት፣ ቀጠን ብሎ ይመታ፤ ወፍራም ከሆነ ከምግብ አይሻልም። ዋናው ምግብ ከጨዋታው በኋላ ይሁን።

ለማይጾሙት ደንቡ ቀላል ነው፤ ዋናው ምግብ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት አስቀድሞ፣ ውሃ ደግሞ 55 ኪሎ ለምትመዝን ልጅ በዚያው ጊዜ ውስጥ ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሊትር። በረመዳን የሚጾሙ ልጆች ካሉዎት የጠዋቱ ሰዓት ይበልጣል፤ ሱሁሩ ቅርብ ነውና።

ቡናን በተመለከተ እንቆጣ። ቡናና ሻይ ምግብ ላይ ሲጠጣ ሰውነት ከምግቡ የሚያገኘውን ብረት ይቀንሳል። የወር አበባዋ የሚበዛባት ልጅ፣ ያውም በጾም ሥጋ የማትቀምስ፣ ከምሳ ጋር አያይዛ ቡና ከጠጣች «ደከመኝ» ማለቷ ስንፍና አይደለም። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራራቅ። ድካሙ ከቀጠለ የደም ምርመራ ታድርግ።

ጥያቄ፦ በአንድ ዓመት ሁለት ተጫዋቾቻችን ጉልበታቸው ተበጠሰ፤ ማንም ሳይነካቸው። ሜዳችን ሰው ሠራሽ ሣር ነው። የወንዶቹ ቡድን ግን እንዲህ አያጋጥመውም።
የቡድን መሪ፣ ከሳር ቤት

መልስ፦ የፊተኛው መስቀለኛ የጉልበት ጅማት (ኤሲኤል) መበጠስ በሴት ተጫዋቾች ላይ ከወንዶች ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይደጋገማል። አብዛኛውን ጊዜም እንዳላችሁት ነው፤ ማንም አይነካም። ልጅቷ ዘላ ስታርፍ ወይም ሮጣ አቅጣጫ ስትቀይር ጉልበቷ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ይህን በዓይን ማየት ትችላላችሁ። ልጆቹን አንድ በአንድ ከ30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ በሁለት እግር አዝልሉና ከፊት ለፊት ቆማችሁ እዩ፤ ስታርፍ ጉልበቶቿ ተቀራርበው የሚነካኩ ከሆነ ከእሷ ጀምሩ።

መድኃኒቱ ፊፋ 11 ፕላስ የሚባለው ማሟሟቂያ ነው። 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ 8 ደቂቃ ሩጫ፣ 10 ደቂቃ የጥንካሬ፣ የሚዛንና የዝላይ ሥራ፣ 2 ደቂቃ ፈጣን ሩጫ። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ካልተሠራ ዋጋ የለውም። ብዙ አሰልጣኝ የሚሳሳተው በጨዋታ ቀን ሙሉውን ማሠራቱ ላይ ነው፤ ያን ቀን የመሃሉ 10 ደቂቃ ይቀራል፤ ሁለቱ የሩጫ ክፍሎች ብቻ ይሠራሉ።

ታኬታውንም እዩ። ለእርጥብ የተፈጥሮ ሣር የተሠራ፣ ረጃጅም ስድስት ጥርስ ያለው ታኬታ ሰው ሠራሽ ሣር ውስጥ ይነክሳል፤ ሰውነት ሲዞር እግር ይቀራል፤ መሃል ያለው ጉልበት ይከፍላል። ጥርሱ አጭር፣ ክብና ብዛት ያለው ይሻላል። በቁጥር የሚሰፋ የወንድ ጫማ በካልሲ ብዛት እየሞሉ መጫወትም እንደዚያው ነው።

«ጧ» የሚል ድምፅ ተሰምቶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጉልበቱ ካበጠ መታሸት የለም፣ ማንም አይጎትተው። በረዶ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ እግር ከፍ ብሎ፣ ከዚያ ሐኪም። ራጅ አጥንት እንጂ ጅማት አያሳይም፤ «ራጁ ደህና ነው» ተብላ በሳምንቷ የምትመለስ ልጅ የተረፈላትንም ትበጥሳለች። ጅማቱን የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው። ቀዶ ሕክምና ከተደረገ ከዘጠኝ ወር በፊት ውድድር አይታሰብ።

ጥያቄ፦ በመለያ ምት ጊዜ ተቀያሪ ወንበር ላይ ያለችውን ጎበዝ መቺያችንን አስገብተን ማስመታት እንችላለን? እነሱ አንዷ በቀይ ወጥታባቸው 10 ቢሆኑስ?
ሁለት ተማሪዎች፣ ከአምስት ኪሎ

መልስ፦ አትችሉም። የሚመቱት ጨዋታው ሲያልቅ ሜዳ ውስጥ የነበሩ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ያቺ ጎበዝ ጨዋታው ከማለቁ በፊት ካልገባች ከንቱ ናት፤ አሰልጣኞች አንድ ቅያሪ ቆጥበው የሚይዙት ለዚህ ነው። ከዚህ የሚወጣው የተጎዳች በረኛ ብቻ ነች። እነሱ 10 ከሆኑ እናንተም አንዷን አውጥታችሁ 10 ትሆናላችሁ፤ ማን እንደምትወጣ አምበላችሁ ለዳኛዋ ትናገራለች። ደካማዋን አውጡ፤ ሁሉም ሳይመቱ ማንም ሁለተኛ ስለማይመታ፣ የተራዘመ እንደሆነ 10ኛዋ መቺ ጋ መድረስ አለ።

ሳንቲም ሁለት ጊዜ ይጣላል፤ አንዱ ለግቡ ምርጫ፣ ሌላው ማን ቀድሞ እንደሚመታ። በረኛዋ ኳሷ እስክትመታ ድረስ ቢያንስ የአንድ እግሯ ከፊል መስመሩ ላይ፣ በመስመሩ ትክክል ወይም ከመስመሩ ኋላ መሆን አለበት። ቀድማ ወጥታ ካዳነች ምቱ ይደገማል፤ በመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ ቢጫ። በጨዋታው ያየችው ቢጫ ወደ መለያ ምቱ አይተላለፍም። ደግሞ ከ2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ፦ መቺዋ አዳልጧት ኳሷ ሳታስበው ሁለቱንም እግሯን ነክታ ከገባች ምቱ ይደገማል፤ ካልገባች እንደሳተች ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ ተጋብዘን አዲስ አበባ ልንጫወት ነው። ባለፈው ልጆቼ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ትንፋሽ አጠራቸው፤ በረኛዋም ሁለት የረጅም ርቀት ግብ ገባባት። የምናደርገው ነገር አለ?
አሰልጣኝ

መልስ፦ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። ትንፋሹ በሁለት ቀን አይለመድም። ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ቀድሞ መምጣት ይሻል ነበር፤ ለተማሪ ቡድን ግን የሚሆን አይደለም። ያ ካልሆነ ደግሞ በዋዜማው ግቡ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ከመጀመሪያው ሊብስ ይችላል። የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃዎች ከፍ ብላችሁ አትጫኑ፤ ቅያሪውንም በመስመር ለሚሮጡት አስቀምጡ።

የበረኛዋ ነገር የእሷ ጥፋት ላይሆን ይችላል። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ጠለሉ በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው፤ ኳስ ይሸሻል፣ እንደለመደችው አይጠመዘዝም፣ ስትጠብቀው ከነበረው ቀድሞ ይደርሳል። በዋዜማው ከ25 ሜትርና ከመስመር 20 ደቂቃ ያህል ይመታላት። ኳስ ይዛችሁ ከመጣችሁም እንደገና ለኩት። ከታች በ0.8 አትሞስፌር ግፊት የተነፋ ኳስ እዚህ ሲወጣ ወደ 0.1 ያህል ይጨምራል፤ የጠዋቱ ብርድ ከፊሉን መልሶ ይወስዳል። የሚፈቀደው ከ0.6 እስከ 1.1 ነው።

ጥያቄ፦ እህቴ አሜሪካ ኮሌጅ ገብታ ትጫወታለች። «የኮንፈረንስ ቶርናመንት ደርሶብናል፣ ከተሸነፍን ዓመቱ አለቀ» ትላለች። ሊጉን ሁለተኛ ሆነው ጨርሰው ዓመቱ እንዴት ያልቃል? ምን ማለቷ ነው?
አንባቢ፣ ከካዛንቺስ

መልስ፦ ኮንፈረንስ ማለት ኮሌጆች ተሰባስበው የሚወዳደሩበት ማኅበር ነው። በመደበኛው የውድድር ወቅት እርስ በርስ ይጫወቱና በደረጃ ይቀመጣሉ። ከዚያ በጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ከላይ ያሉት ቡድኖች ብቻ፣ እንደየኮንፈረንሱ አራት ወይም ስድስት ወይም ስምንት፣ በጥቂት ቀን የሚያልቅ ጥሎ ማለፍ ይገጥማሉ። ስድስት ከሆኑ አንደኛና ሁለተኛው የመጀመሪያውን ዙር አይጫወቱም፤ ሦስተኛ ከስድስተኛ፣ አራተኛ ከአምስተኛ ይገናኛሉ። እህትዎ ሁለተኛ ሆና መጨረሷ የሰጣት ይህን ዕረፍት ነው።

ከባዱ ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። በአንደኛው ዲቪዚዮን የአገሪቱ ውድድር 64 ቡድን ያሳትፋል። ከየኮንፈረንሱ በቀጥታ የሚያልፈው አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ጥሎ ማለፍ አሸናፊ ነው፤ ወራት ለፍቶ ሊጉን የመራው አይደለም። የቀረውን ቦታ ኮሚቴ ይመርጣል። ትልልቆቹ ኮንፈረንሶች ውስጥ ያሉት ቢሸነፉም ኮሚቴው ያስታውሳቸዋል፤ የትንሽ ኮንፈረንስ ቡድን ግን ዋንጫውን ካላነሳ በአብዛኛው አይጠራም። «ዓመቱ አለቀ» ያለችው ለዚህ ነው። የአገሪቱ ውድድር በኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ኮሌጆችን ስፖርት በሚመራው ማኅበር) ሥር የተጀመረው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያኔ ያሸነፈው ሰሜን ካሮላይና እስከ 2024 ድረስ 22 ጊዜ ወስዶታል።

በቪዲዮ ሲያዩ ግራ እንዳይገባዎት ሕጋቸው ከእኛ በጥቂቱ ይለያል። ሰዓቱ ከ45 ወደ ዜሮ ይቆጥራል፤ ዳኛዋ ስታዝ ይቆማል፤ ዜሮ ሲል አለቀ፣ ባካካሽ የሚሰጥ ደቂቃ የለም። በመጀመሪያው አጋማሽ የወጣች ልጅ በዚያው አጋማሽ አትመለስም፤ በሁለተኛው ግን አንድ ጊዜ ወጥታ መመለስ ትችላለች። ከ2022 ወዲህ በመደበኛው ጨዋታ ጭማሪ ሰዓት ቀርቷል፤ በኮንፈረንሱ ጥሎ ማለፍ ግን እኩል ከሆኑ ሁለት አሥር አሥር ደቂቃ ሙሉውን ይጫወታሉ፤ ከዚያም ካልተለያዩ መለያ ምት ነው። በመለያ ምት የተሸነፈ ቡድን ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ መዝገቡ ላይ ግን ያ ጨዋታ አቻ ተብሎ ነው የሚጻፈው። እህትዎ «ሳንሸነፍ ወጣን» ብላ ብትደውል እውነቷን ነው።